ጋሽ ብድግ

ፋሻው እግሩ ላይ ሦስተኛውን ዙር ሲዞር በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ብድግም እንደ ስሙ ብድግ አለ። የፋሻው ጥቅል ከሚስቱ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ እየተተረተረ አልጋው ሥር ገባ።

«ቁጭ በል!» አለች ሚስቱ፣ ተንበርክካ እንዳለች። «ማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ!»

«ሰው ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

«ሰው ከሆነ ይገባል። አንተ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። አቀማመጡ ግን ተመልሶ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ይዞ ነበር። ሚስቱ ጥቅሉን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችው፤ ወለል የነካውን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ጣለችና ሥራዋን እንደገና ጀመረች።

ጋሽ ብድግ ያሉት ደንበኞቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፀጉር አስተካካይነት ሲሠራ፣ በሩ ተከፍቶ እሱ ያልተነሳበት ቀን የለም። ምሳውን እየበላ፣ አፉ እንደሞላም ቢሆን ይነሳል። ለሽማግሌ ይነሳል፣ ለሕፃን ይነሳል፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰው ይነሳል። አንድ ጊዜ ነፋስ በሩን ቢከፍተው ለነፋሱም ተነስቷል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አይክድም። ይህ የአባቱ ሥራ ነው። አባቱ፣ ሰው ሲገባ ያልተነሳ ልጅ ራቱን ቆሞ እንዲበላ ያደርጉ ነበር። ጋሽ ብድግ በልጅነቱ ሁለት ጊዜ ቆሞ በላ። ለሦስተኛ ጊዜ አላስፈለገውም።

ችግሩ እግሩ ነው። የግራ እግሩ ደም መልስ ሥሮች ከደከሙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ ሲያስረዳው፣ ደሙ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዙት ትንንሽ በሮች መዘጋት አቅቷቸዋል፤ ስለዚህ ቆመህ በዋልክ ቁጥር ደሙ እታች ይጠራቀማል ነበር ያለው። ጠዋት እግሩ ደህና እግር ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ጫማ አልገባም ይላል፤ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይወጠርና ያሳክከዋል። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ያለው ቁስል ዳነ ሲባል መልሶ ይከፈታል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ከተከፈተ ስምንት ወሩ ነው። ሐኪሙ ያዘዘለት ዋናው መድኃኒት መቀመጥና እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ግን የሚቀመጠው ደንበኛው ነው።

ስለዚህ የጤና ጉድለት አበል ጠየቀ። አበሉን ካገኘ መቀሱን ያስቀምጣል፣ እግሩም የመዳን ዕድል ይኖረዋል። ካላገኘ መቆሙን ይቀጥላል። ከቀጠለ ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ተናግሯል፤ የተናገረውን ቃል ግን ሚስቱ እቤቷ ውስጥ እንዲደገም አትፈቅድም።

አበሉን የሚፈቅደው የሐኪሞች ቦርድ ባለፈው ጊዜ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎታል። የውሳኔውን ወረቀት ሚስቱ ደጋግማ ከማንበቧ የተነሳ በቃሏ ይዛዋለች፤ «አመልካቹ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት በመተላለፊያው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ድጋፍ ቆሞ ታይቷል። የቦርዱ አባላት ሲገቡ ያለ ረዳት ተነስቷል። እንዲቀመጥ ሲነገረውም ወዲያው አልተቀመጠም።» ውሸት የለበትም። እሷን ያናደዳትም ይኸው ነው። ዛሬ በስምንት ሰዓት ይግባኙ ይታያል፤ ከይግባኝ በኋላ የሚኬድበት ሌላ ቦታ የለም።

በሩን ከፍቶ የገባው ባለሁለተኛው ወንበር ነበር። ሁለቱ ተቀጥረው የሚሠሩበት ፀጉር ቤት ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው የጋሽ ብድግ፣ ሁለተኛው የዚህ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ አይነሱ፣ አይነሱ!» አለ ገና ከደጃፉ። ከኪሱ ፖስታ አወጣ። «ቦርዱ ከሥራ ባልደረባ ምስክርነት ይምጣ ብሏል አላሉኝም? ይኸው ጽፌዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ አንብቡትና ካልሆነ ይቀደድ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጋሽ ብድግ። ፖስታውን ተቀበለ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ሻይ ላፍላልህ?» አለች ሚስቱ።

«ደንበኛ አስቀምጬ ነው የመጣሁት። ይቅናዎት ጋሼ።»

ጋሽ ብድግ ሊሸኘው ሲል ሚስቱ ጉልበቱን ጫን አደረገችው። በሩ ሲዘጋ፣ «ምነው ፊትህን እንዲህ ታጠቁርበታለህ?» አለችው።

«አታውቂም እንዴ?»

ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቱ በር ሲከፈት፣ ጋሽ ብድግ ገና ሲነሳ፣ ባለሁለተኛው ወንበር ቀድሞ «ኑ፣ ኑ፣ እዚህ ጋ!» ይላል። ያኛው ራስ ሃያ ዓመት በጋሽ ብድግ እጅ ሲስተካከል የኖረ ራስ ይሁን አይሁን ግድ የለውም። ጋሽ ብድግ ለራሱ ለሰውየው አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እቤት ሲገባ ግን፣ «መቀስ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! አሁን ዓይኔ እያየ ደንበኛ ይቀማኛል» ይላል፤ ከዚያ ካልሲውን ያወልቃል፤ ሚስቱም እግሩን ስታይ ደንበኛው ሁሉ በተቀማ ብላ በሆዷ ትመኛለች።

የቦርዱ መተላለፊያ ረጅም ሆኖ ያሉት ወንበሮች ስድስት ብቻ ናቸው። ሚስቱ ቀድመው እንዲደርሱ ያደረገችው ይህን አስባ ነው። መጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እንደተቀመጡ ከቦርሳዋ መርፌ ቁልፍ አወጣችና የኮቱን ጫፍ ከቀሚሷ ጋር አያያዘችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ሳይታይ ነገሩ አለቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አሰርኩሃ። ስትነሳ እኔንም ይዘኸኝ ነው የምትነሳው።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ተፋቅረዋል ይበለን።»

ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህችን ሴት ሲያገባ ተረበኛ መሆኗን አላወቀም ነበር፤ ወይም ያን ጊዜ እንዲህ አልበረታባትም። ዛሬም የያዘችውን የስፌት ሥራ አቋርጣ ነው የመጣችው።

«እስኪ ደብዳቤውን ላንብበው» አለች። «አላሸገውም።»

«ምን ሊል ነው? ‹ደንበኛቸውን እቀማለሁ› ብሎ አይጽፍ!»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ከጋሼ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ጠዋት ደህና ናቸው። ስድስት ሰዓት ገደማ የግራ ጫማቸውን ክር ይፈታሉ። ስምንት ሰዓት ላይ በቀኝ እግራቸው ብቻ ነው የሚቆሙት። ፂም ሲላጩ ክርናቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፋሉ፤ ደንበኛው አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፎጣ ላምጣ ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ፎጣው ግን እዚሁ ነው ያለው። ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው አይቻቸዋለሁ።»

ሚስቱ ቆም አለች። ጋሽ ብድግ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ ነበር። «ቀጥዪ» አላት።

«አንድ ቀን ቁስሉ ደምቶ ካልሲያቸውን አልፎ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ አየሁ። ከፀጉሩ ጋር ጠርጌ ዝም አልኩ፤ እንዲያፍሩ አልፈለግኩም። ከአሥር ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቶሎ ብዬ ወደ እኔ ወንበር እጠራለሁ። ጋሼ ደንበኛ የምቀማቸው ይመስላቸዋል። ዐረፍ ይበሉ ብላቸው እምቢ እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ እንደዚያው ይምሰላቸው ብዬ ትቼዋለሁ። ከዚያ ሰዓት በኋላ እሳቸው መሥራት አይችሉም። ይህን ስጽፍ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።»

ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

«ፎጣው እዚሁ ነው ያለው» አለ ጋሽ ብድግ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። «እውነቱን ነው፤ ከመስተዋቱ ጎን ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ማንም ያላየ መስሎኝ…»

«እሱ አይቷል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፍኩት።»

«እሱም ችሎ ተኮረፈ» አለች ሚስቱ፤ በመዳፏም እጁን ሸፈነችው።

ይህን ሲነጋገሩ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከመተላለፊያው ጫፍ ብቅ አሉ። ስድስቱም ወንበሮች ተይዘዋል። ወጣቶቹ ዓይናቸውን ከስልካቸው አላነሱም። ሽማግሌው አንድ እርምጃ በሄዱ ቁጥር ቆም ብለው ይተነፍሳሉ፤ ጋሽ ብድግም በእያንዳንዷ እርምጃ ከወንበሩ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። መርፌ ቁልፉ ቀሚሷን ጎተተው።

«እንዳታስበው!» አለች ሚስቱ በጥርሷ መሃል።

«አባቴን ያህላሉ እኮ! አይሆንም፣ ምድር ትዋጠኝ እንጂ…»

መርፌ ቁልፉን ፈታችና እሷ ተነሳች። «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለቻቸው። ሽማግሌው መርቀዋት ተቀመጡ፤ እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ግድግዳው ሥር ቆመች። ጋሽ ብድግ እንደ ዛሬ ተቀምጦ ተጨንቆ አያውቅም። ሚስቱ ቆማ እሱ ተቀምጧል፤ የሚያየው ሁሉ ምን ዓይነት ወንድ ነው የሚለው ይመስለዋል።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አላት።

«እኔ የቆምኩት አንተ እንዳትቆም ነው። አታበላሽብኝ።»

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በሩን ከፍታ የጋሽ ብድግን ተራ ቁጥር ጠራች። ሁለቱም ወደ በሩ ሲሄዱ፣ «አመልካቹ ብቻ» አለች። ሚስቱ ይህን አልጠበቀችም። ለአፍታ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ፖስታውን ለሠራተኛዋ ሰጥታ፣ መርፌ ቁልፉን ዘግታ መዳፉ ውስጥ አኖረችው።

«ከምን ጋር ላያይዘው?» አላት።

«እንጃ፤ ከራስህ ጋር።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ባዶ ወንበሮች፣ ከፊት ደግሞ የእሱ ወንበር ነበር። ሠራተኛዋ አስቀምጣው ወጣች። ብቻውን ሆነ። የግራ እግሩ በዚህ ሰዓት እንደሚያደርገው መክበድ ጀምሯል፤ ፋሻው ጠብቆታል። ከዚያ የእግር ድምፅ ሰማ፣ የበሩ እጀታ ዞረ።

ሦስት ሆነው ገቡ። ከፊት ያለችው ፀጉሯ የነጣ፣ መዝገብ በደረቷ ያቀፈች ሐኪም ነበረች። ጋሽ ብድግ ጉልበቶቹ ሳያዛቸው ሲንቀሳቀሱ ተሰማው። አባቱ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከኋላው የቆሙ መሰለው። ፊቱ ጋለ። መርፌ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ፣ በሌላ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ልነሳላችሁ አልችልም።»

ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኾ ነበር። ሐኪሟ ቆም ብላ አየችው። «ተነሱ ያለዎት ማነው?» አለችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ጣሪያውም አልተደረመሰም።

የቀድሞውን ውሳኔ ገለጠች። «እዚህ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ነበር ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን ቆሙ?»

«አንዲት እናት መጡ፤ ቦታ አልነበረም።»

«ከዚያስ? ሌላ ወንበር አልተለቀቀም?»

«ተለቆ ነበር። ተቀመጥኩ። ነፍሰ ጡር መጣች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናንተ መጣችሁ።»

ከሐኪሟ ጎን ያለው ሰው ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንዲቀመጡ ሲነገርዎት ለምን አልተቀመጡም?»

«እርስዎ ሳይቀመጡ?» አለ ጋሽ ብድግ ደንግጦ።

ሐኪሟ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ቀኑን ሙሉ መቆም ይችላሉ?»

ባለፈው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ «ምን ችግር አለ፣ ልምዴ ነው» ብሎ ነበር የመለሰው።

«ደንበኛ ሲገባ ብድግ ማለት እችላለሁ» አለ። «ደንበኛ ሲወጣ በሩ ድረስ መሸኘት ግን ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው። መቆም አልችልም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም በአፌ አልተናገርኩም። አልችልም።»

ሐኪሟ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች፤ ከፊቱ አጎንብሳ ፋሻውን በገዛ እጇ መፍታት ጀመረች። ጋሽ ብድግ ሊሞት ደረሰ።

«ኧረ ዶክተር! ኧረ በእናትዎ፣ አይጎንበሱ! እኔ እፈታዋለሁ!»

«እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ራስ ላይ ጎንበስ ብለው የለም እንዴ? እስኪ ዝም ይበሉ።»

ዝም አለ። እሷ ያበጠውን ጫን አድርጋ የጣቷ ምልክት እስኪጠፋ ጠበቀች፤ የጠቆረውን ቆዳ አየች፣ ቁስሉን ለካች፣ ለባልደረቦቿ ቁጥር ነገረቻቸው። ፋሻውን መልሳ ከጠቀለለችለት በኋላ የባለሁለተኛውን ወንበር ደብዳቤ ቆማ አነበበች። ሁለት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም።

«ይህን የጻፈው ምንዎ ነው?»

ቅጹ ላይ «የሥራ ባልደረባ» ይላል። ጋሽ ብድግ ግን፣ «ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ። እሷም አላረመችውም።

«ውሳኔው በሁለት ሳምንት ውስጥ በደብዳቤ ይደርስዎታል» አለች። «ዛሬ ምንም ቃል ልገባልዎት አልችልም። ‹ቆሞ ታይቷል› ከሚለው ጎን ግን ለምን እንደቆሙ በእጄ እጽፍበታለሁ።»

ሲወጣ ሚስቱ እዚያው ግድግዳ ሥር ነበረች። ፊቱን አየች።

«አልተነሳሁም» አላት።

በመተላለፊያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጉንጩን ሳመችው።

ወደ ቤት እንሂድ ስትለው በፀጉር ቤቱ በኩል እንለፍ አለ። ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ባለሁለተኛው ወንበር አንዱን ደንበኛ ጨርሶ አንገቱ ላይ የቀረውን ፀጉር እያራገፈለት ነው። ጋሽ ብድግን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ደብዳቤው መነበቡን ከፊቱ አውቋል። ደንበኛው ወጣ። ጋሽ ብድግ ቀስ እያለ ወደ መጀመሪያው ወንበር ሄደና ተቀመጠበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላው የቆመበት ወንበር ነው፤ ከፊት በኩል ክፍሉ ሌላ ክፍል ይመስላል። ሚስቱ በርጩማ ስባ የግራ እግሩን ከፍ አደረገችለት።

በሩ ተከፈተ። ሃያ ዓመት ጋሽ ብድግ ያስተካከላቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ባለሁለተኛው ወንበር በልማዱ «ኑ፣ ኑ፣ እዚ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። መምህሩም የለመዱትን ብድግታ እየጠበቁ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ብድግ ከወንበሩ አልተነሳም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ እዚያኛው ላይ ይቀመጡ» አላቸው። «ከእንግዲህ እሱ ነው የሚያስተካክልዎት።» ከዚያ ወደ ባለሁለተኛው ወንበር ዞረ። «ከግራ ጆሯቸው በላይ የቆየ ጠባሳ አለ። እዚያ ጋ ማሽን አታስነካ፣ በመቀስ ብቻ። ወሬ ይወዳሉ፤ አንተ ዝም ካልካቸው ይከፋቸዋል።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባለሁለተኛው ወንበር። መምህሩን አስቀምጦ ዙሪያውን መፈለግ ጀመረ፤ የሚፈልገውን ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ጋሽ ብድግ እንደተቀመጠ እጁን ዘረጋና ከመስተዋቱ ጎን የተሰቀለውን ፎጣ አወረደ።

«እንካ» አለው። «እዚሁ ነው ያለው።»